የምክር ዓምድ፦ «ካት» የተባለው ቃል ከሰሌዳው ላይ መነሣት ነበረበት ወይ?

ከዳንግላ የጻፉልን አንድ መምህር ያቀረቡት ጥያቄ ከዚህ የሚከተለው ነው፤ ደብዳቤው ረዘም ያለ በመሆኑ ፍሬ ሐሳቡን ብቻ አስፍረነዋል።

«እንግሊዝኛ ሳስተምር 14 ዓመት ሆኖኛል። ውጭ አገር የምትኖር እኅታችን ስክራብል የተባለውን የቃላት ጨዋታ ከላከችልን ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከታናሽ ወንድሜ ጋር መጫወት ልማድ ሆኖን ነበር። እሱ ግን የቃላት ዝርዝር በስልኩ አውርዶ፣ የብዙዎቹን ትርጉም ሳያውቅ እየደረደረ ያሸንፈኝ ጀመር። ባለፈው ጊዜ በኪው፣ በኤ እና በቲ ‹ካት› የሚል ቃል ሠርቶ ‹ጫት ማለት ነው› ሲለኝ፣ ‹ጫት ደግሞ ከመቼ ወዲህ እንግሊዝኛ ሆነ?› ብዬ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች አስነሣሁት። ‹ወንድም ጋሼ፣ መዝገበ ቃላቱን እንይ› ቢለኝም አልሰማሁትም። ኪው በእጁ እንደ ቀረች እኔ በ9 ነጥብ አሸነፍሁ፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሰሌዳውን ነክቶት አያውቅም። ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል መጫወት ተገቢ ነው? እነዚህ እንግዳ ቃላትስ በእርግጥ ትርጉም አላቸው?»

የተከበሩ መምህር፣

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ልመልስልዎ፤ ምክንያቱም ጠቡ የተነሣው በእሱ ላይ ነው። «ካት» የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ትርጉሙም ወንድምዎ እንደ ነገረዎት ጫት ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከዐረብኛ ሲሆን፣ አጻጻፉ ገና አንድ ወጥ ስላልሆነ መዝገበ ቃላቱ በኪው የሚጀምረውን፣ በኬ የሚጀምረውን እንዲሁም ከኬ ቀጥሎ ኤች የሚገባበትን ሦስቱንም ይቀበላል። በባሕር ዳር ዙሪያ ያለ ገበሬ በጓሮው የሚያበቅለው ተክል በሰሌዳው ላይ ሦስት ዓይነት መልክ አለው ማለት ነው። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ሌላም ነገር አለ። በደብዳቤዎ የሚከራከሩት ትርጉሙ ያልታወቀ ቃል መጫወት የለበትም ብለው ነው፤ ይሁንና ወንድምዎ ይህን ቃል ሲያስቀምጥ ትርጉሙን ነግሮዎታል። ስለዚህ በጨዋታው ሕግ ብቻ ሳይሆን እርስዎ ራስዎ ባወጡት ሕግ ቢመዘንም ቃሉ መነሣት አልነበረበትም።

የጨዋታው ሕግ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ቃሉ ተጫዋቾቹ አስቀድመው በተስማሙበት መዝገበ ቃላት ውስጥ መኖሩን ነው። ትርጉም መናገር ግዴታ ሆኖ አያውቅም። በአብዛኛው ዓለም ለውድድር የሚያገለግለው የኮሊንስ የቃላት መዝገብ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ከእሱ ያነሰ የራሳቸው ዝርዝር አለ። የሁለቱ ልዩነት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ለምሳሌ በዜድ እና በኦ የሚጻፈው «ዞ» ያክ ከተባለው የቲቤት ከብት እና ከላም የሚወለድ ዲቃላ እንስሳ ነው፤ ከፈረስና ከአህያ በቅሎ እንደሚገኝ ማለት ነው። ኮሊንስ ይህን እንስሳ በተለያየ ዓይነት ፊደል ይጽፈዋል፤ የአሜሪካኖቹ ዝርዝር ግን «ዞ»ን አያውቀውም። ስለዚህ ከወንድምዎ ጋር ዳግም ከመቀመጥዎ በፊት ዳኛችሁ የትኛው መዝገብ እንደሚሆን ተስማሙ። አንድ ቃል አጠራጣሪ ከሆነ መጽሐፉ ይገለጣል፤ ቃሉ ከሌለ ያስቀመጠው ሰው ጠጠሮቹን አንሥቶ ተራውን ያጣል፣ ካለ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ደንብ ተራውን የሚያጣው የተጠራጠረው ሰው ነው። ይህ ደንብ ታላቅና ታናሽን አይለይም።

እንዲህ ያሉ እንግዳ ቃላት ለምን እንደሚፈለጉ ለመረዳት የጨዋታውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ጨዋታውን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የተባለ፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ያጣ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። የጋዜጣ ገጾችን ይዞ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ እየቆጠረ የጠጠሮቹን ብዛትና ዋጋ ወሰነ፤ ስክራብል የሚለው ስም የተሰጠው ግን ቆይቶ በ1948 እ.ኤ.አ. ጄምስ ብሩኖ በተባለ ሰው ነው። በከረጢቱ ውስጥ ካሉት 100 ጠጠሮች 12ቱ ኢ ናቸው፤ ኪው ግን አንዲት ብቻ ናት፣ ዋጋዋም 10 ነጥብ ነው። እንግሊዝኛ ኪውን የሚጽፈው ከሞላ ጎደል ዩን አስከትሎ ስለሆነና ዩ ደግሞ አራት ብቻ ስለሆነች፣ ኪው የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተቸግሮ ይቀመጣል። ጨዋታው ሲያልቅ በእጁ ከቀረችም ከነጥቡ 10 ይቀነስበታል። ዩን የማይፈልጉ የኪው ቃላት እንደ ወርቅ የሚፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አጭሩና ጠቃሚው በኪው እና በአይ የሚጻፈው፣ «ቺ» ተብሎ የሚነበበው ቃል ነው። በቻይናውያን አስተሳሰብ በሰውና በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ኃይል ማለት ነው። ኪውን ፊደሉን በሦስት እጥፍ በሚያስቆጥረው ቤት ላይ አስቀምጠው ቃሉን አግድምም ቁልቁልም ቢሠሩት፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 31፣ በድምሩ 62 ነጥብ ያገኛሉ። በእጁ ያሉትን ሰባቱንም ጠጠሮች በአንድ ጊዜ ለጨረሰ ሰው የሚሰጠው ጉርሻ 50 መሆኑን ሲያስቡ፣ ሁለት ፊደል ያለው ቃል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይረዱታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልግባ፤ በዚህ ላይ ብዘገይ ይፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱም እርስዎ እንግዳ ካሏቸው ቃላት ብዙዎቹ ለእኛ ለጎጃሞቹ እንግዳ አይደሉም። ኮሊንስ ውስጥ ጤፍ አለ፣ በአንድ ኤፍም በሁለት ኤፍም ይጻፋል። በሁለት ኤፍ ከጻፉት በከረጢቱ ውስጥ ያሉትን ኤፎች በሙሉ ጨረሱ ማለት ነው፤ ሁለት ብቻ ናቸውና። እንጀራም አለ፣ በመካከሉ ባለችው ጄ ምክንያት ባዶውን 13 ነጥብ ያወጣል። አቡነ የሚለው ማዕረግ «አቡና» ተብሎ ገብቷል። ራስ የሚለውም አለ፤ ንጉሥም «ኔገስ» ተብሎ ገብቷል። በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ የሆኑት ራስ አዳል ሁለቱንም ማዕረጎች ይዘው ኖረዋል፤ ያንን ታሪክ ያነበበ ልጅ ሁለት የስክራብል ቃላት በእጁ አሉ ማለት ነው። ይሁንና «ኔገስ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሌላም ትርጉም እንዳለው ይወቁ፤ ወይንን በሙቅ ውኃ፣ በስኳርና በሎሚ አዋሕደው የሚጠጡትም መጠጥ እንዲሁ ይባላል፣ ስሙ የመጣው ግን ከእኛ ንጉሥ ሳይሆን ኮሎኔል ፍራንሲስ ኔገስ ከተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቃላት በአጋጣሚ አንድ መልክ ይዘው ተገናኝተዋል። ጭላዳ ዝንጀሯችንም «ገላዳ» ተብሎ ሰሌዳው ላይ ይወጣል።

ከሁሉም ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ግን ብር ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛው ሁለት አር አለው፤ ብዙ ቁጥሩን ሲያስቀምጡት ደግሞ እንደ ሌላው ስም ኤስ መጨመር ብቻ ሳይሆን «ብሮች» የሚለውን የእኛኑ አማርኛ እንዳለ ወስደው በስምንት ፊደል ጽፈውታል፤ ከብር በኋላ ኦ፣ ቲ፣ ሲ እና ኤች ይጨመራሉ። ተቃዋሚዎ ብርን ሠርቶ ቢያስቀምጥና እነዚህ አራት ፊደላት በእጅዎ ቢኖሩ፣ የአማርኛን ሰዋስው በማወቅዎ ብቻ አንድ የእንግሊዝ ሻምፒዮን በቃል አጥንቶ የያዘውን ቃል ያለ ጥናት ያገኙታል። የአማርኛ ብዙ ቁጥር አመልካች በእንግሊዝኛ የጨዋታ መዝገብ ውስጥ መቀመጡን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው እንዴት ደስ እንደሚላቸው ይታየኛል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሀብት አለው። ዳዊት የደገመ ሁሉ 118ኛው መዝሙር አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ በ22 የዕብራይስጥ ፊደላት እንደሚከፋፈል ያውቃል። እነዚህ የፊደል ስሞች በእንግሊዝኛው መዝገብ ውስጥ ራሳቸውን ችለው ቃል ሆነው ገብተዋል። ዋው በሁለት ደብሊው መካከል ኤ ገብታ 9 ነጥብ ያወጣል፤ ካፍ በሦስት ፊደል 10 ያወጣል፤ ዛይ በእነሱ አጠራር «ዛይን» ሆኖ 17 ነጥብ ያስገኛል። ዮድም፣ ሜምም፣ ላሜድም አሉ። ፌ በእነሱ ዘንድ «ፔ» ተብሎ በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ ለጠባብ ቦታ እጅግ ይረዳል። ቆፍ ደግሞ የሚጻፈው በኪው፣ በኦ፣ በፒ እና በኤች ነው። ዩ የላትም! ኪው ይዘው ሲጨነቁ በ18 ነጥብ ከጭንቅ የምታወጣዎት ቃል፣ አያትዎ በጨለማ የሚደግሙት ዳዊት ውስጥ የነበረች ናት። ወንድምዎም ዳዊት የደገመ ከሆነ ይህን አይቶት ሊሆን ይችላል፤ ካላየው እርስዎ ቢያሳዩት መልካም የዕርቅ መግቢያ ይሆንልዎታል።

አንድ ቃል ልጨምርልዎ፤ ኮሊንስ ውስጥ ያለ፣ ኢ፣ ዩ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤ፣ ኢ ተብሎ በስድስት አናባቢ ብቻ የሚጻፍ ቃል ነው። አንድም ተነባቢ የለበትም። ሰው ሲያየው የታይፕ ስሕተት ይመስለዋል፤ በመጨረሻ ሲቆጠርም 6 ነጥብ ብቻ ነው። ነገር ግን ከላቲን ዝማሬ የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የምዕራብ መዘምራን «ሴኩሎሩም አሜን» የሚለውን፣ በእኛ «ለዓለመ ዓለም አሜን» የምንለውን የዝማሬ መዝጊያ ባጭሩ ለመጻፍ አናባቢዎቹን ብቻ ለቅመው ከዜማ ምልክቱ በታች ያስቀምጡ ነበር፤ ቃሉም የዚያ አዘጋግ ስም ሆነ። ድጓ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በእኛም ድጓ ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ትንንሽ ፊደላት የሌላ ሐረግ ምህጻር ሆነው ዜማውን የሚያመለክቱ ናቸውና። እጁ በአናባቢ ብቻ የተሞላ ተጫዋች ይህን ቃል ሲያወጣ የሚያገኘው ነጥብ ትንሽ ቢሆንም እጁን ከጭንቅ ያወጣለታል።

በተቃራኒው ተነባቢ ብቻ የበዛበት ሰው ከዌልስ ቋንቋ የመጡትን ሁለት ቃላት ያስታውስ። ሲ፣ ደብሊው እና ኤም ተጽፎ «ኩም» ተብሎ የሚነበበው፣ ከተራራ አናት ሥር የበረዶ ግግር ፍቆ ያጎደጎደው ስፍራ ነው። ሲ፣ አር፣ ደብሊው፣ ቲ እና ኤች ተጽፎ «ክሩዝ» የሚባለው ደግሞ እንደ ክራር ብዙ አውታር ኖሮት እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ የዌልስ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሁለቱም አናባቢ የሌላቸው የሚመስሉት በዌልስ ቋንቋ ደብሊው የ«ኡ»ን ድምፅ ስለሚይዝ ነው። የቀሩትን ባጭሩ ልለፋቸው፦ ሁለት ኤ ብቻ «አአ» ተብሎ ከሃዋይ የመጣ፣ ሸካራና ስለታም ሆኖ የረጋ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው፤ ኤ እና አይ በደቡብ አሜሪካ ዛፍ ላይ የሚኖር ሦስት ጥፍር ያለው ቀርፋፋ እንስሳ ነው፤ ኤክስ እና ዩ «ሱ» ተብሎ የቬትናም ሳንቲም ነው፤ ዜድ እና ኤ «ዛ» ማለት አሜሪካውያን ወጣቶች ፒዛን ያሳጠሩበት ነው።

እንግዲህ ዋናው ክርክራችሁ ይቀራል፤ ቃሉን ያለ ትርጉሙ ማጥናት ይገባል ወይ የሚለው። ለማሸነፍ ብቻ ከሆነ ትርጉም እንደማያስፈልግ ማስረጃው የታወቀ ነው። ኒውዚላንዳዊው ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን መዝገበ ቃላት በጥቂት ሳምንታት አጥንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይኛ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2024 ደግሞ ይህንኑ በስፓኒሽ ደግሞታል። ይህ የሚደነቅ ችሎታ ነው፣ እኔም አደንቀዋለሁ። ነገር ግን እንደ እሱ ያለ ትውስታ ያለው ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ለቀረነው ለብዙዎቻችን ትርጉም የሌለው ቃል ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋናል። በዚህ ረገድ ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዲማ የቅኔ ቤቶች የሚሻል ምሳሌ አላውቅም። የቅኔ ተማሪ ግስ ሲያጠና ግእዙን ለብቻው አይዝም፤ «ቀተለ፥ ገደለ፤ ቀደሰ፥ አመሰገነ» እያለ ቃሉንና ፍቺውን በአንድ ትንፋሽ ያስኬዳቸዋል፣ ስለዚህም አንዱን ሲጠሩለት ሌላው ተከትሎ ይመጣለታል። የእንግሊዝኛውንም ቃል እንዲሁ፣ «ቺ፥ የሕይወት ኃይል፤ ካት፥ ጫት፤ ኩም፥ የተራራ ጉድጓድ» እያላችሁ ብታጠኑት ከሁለታችሁም አይጠፋም።

ትርጉም ማወቅ በጨዋታው ውስጥም ቢሆን ነጥብ ያስገኛል፤ ይህን ወንድምዎ ልብ ሊለው ይገባል። ጫት ስም ስለሆነ ኤስ ጨምረው ሊያበዙት ይችላሉ። በኪው፣ በዩ እና በኤ የሚጻፈው «ኳ» ግን «እንደ» ወይም «በ... ነቱ» የሚል መስተዋድድ ስለሆነ ኤስ አይቀበልም፤ ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ግን ኤስ ለጥፎበት ተራውን ያጣል። የቬትናሙ ሳንቲምም ስም ቢሆንም ብዙ ቁጥሩ እንደ ነጠላው ነው፣ ይህ ለብቻው የሚያዝ ነው። ኤስ በከረጢቱ ውስጥ አራት ብቻ መሆኗንና ይህም በትስ ቃላት በቀላሉ እንዳይበዙ ብሎ ያደረገው መሆኑን ሲያስቡ፣ አንዷን በስሕተት ማባከን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይገባዎታል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ በጨዋታው መካከል ትርጉም አይጠያየቁ፤ መዝገቡ ብቻ ይፍረድ። ጨዋታው ካለቀና ቡናው ከቀረበ በኋላ ግን በዚያ ዕለት ሰሌዳው ላይ ከወጡት አምስት እንግዳ ቃላት እያንዳንዱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከማን ቋንቋ እንደ መጣ፣ ስም ይሁን ግስ በአንድ ደብተር ላይ አብራችሁ ጻፉ። ነጥብ አይሰጥበት። እርስዎ የሰዋስው ዕውቀት አለዎት፣ እሱ የቃላቱ ዝርዝር አለው፤ ደብተሩ ሁለታችሁንም ይፈልጋል። ለተማሪዎችዎ ግን እነዚህን ቃላት ለፈተና ይረዳሉ ብለው እንዳያስጠኗቸው አደራ እላለሁ፤ «ቺ» ወይም «ዞ» በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አይጠቅማቸውም፤ የሚጠቅማቸው በጨዋታው ምክንያት የሚያዩት የቃል አመሠራረትና የፊደል አወቃቀር ነው።

ስለ ወንድምዎ አንድ ነገር ልበል። ታላቅ ወንድም፣ ይልቁንም መምህር የሆነ ታላቅ ወንድም፣ በሙያው በታናሹ ሲታረም የሚሰማውን አውቃለሁ፤ በአገራችን ልማድም ታላቅ ቀድሞ ይቅርታ ለመጠየቅ ይከብደዋል። ይሁንና እሱ ሰሌዳውን የተወው በመሸነፉ አይመስለኝም፤ «መዝገበ ቃላቱን እንይ» ብሎ አክብሮ ሲጠይቅዎ መጽሐፉ ሳይገለጥለት በመቅረቱ ነው። መጽሐፉን አሁን ይግለጡለት። ቃሉን በጣትዎ እያሳዩ «ልክ ነበርህ» ይበሉት፤ ከዚህ የሚበልጥ ረጅም ንግግር አያስፈልግም።

የዚያን ዕለት ውጤትም እንዲታረም እጠይቅዎታለሁ። «ካት» በሰሌዳው ላይ ነጥብ የሚያበዛ ባለ ቀለም ቤት ሳይነካ 12 ነጥብ ያወጣል፤ ኪውም በእጁ ባልቀረች ነበርና የተቀነሰበት 10 ነጥብ ይመለስለታል። የቀረው ጨዋታ ሌላ መንገድ ሊይዝ ይችል እንደ ነበር ባይካድም፣ በወረቀቱ ላይ ባለው ሒሳብ ያሸነፈው እሱ ነው፤ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህን ውጤት ከ«ካት፥ ጫት» ጋር ቢጽፉለት ደስ ይለኛል።